«ቢቻል» የተባሉት ቋንቋዎች፦ ከአፍሪካ አዳራሽ የጆሮ ማዳመጫ ጀርባ ያለው ገመድ

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ስለ ሥራ ቋንቋ የሚናገር አንድ አጭር አንቀጽ አለው። ቁጥሩ 29 ነው። የድርጅቱና የተቋማቱ ሁሉ የሥራ ቋንቋዎች ቢቻል የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይሆናሉ ይላል።

እዚህች «ቢቻል» ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ ቅድመ ሁኔታ አልተቀመጠም። ቅድመ ሁኔታው የተለጠፈው በአፍሪካ ቋንቋዎች ግንባር ላይ ብቻ ነው። ከቅኝ ግዛት ለመውጣት ቃል በተገባበት ሰነድ ውስጥ የገዢዎቹ ቋንቋ እንደ ባለቤት ሲገባ፣ የአህጉሩ ቋንቋ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

ምክንያቱን ብዙ ሰው ፖለቲካ ነው ይላል። ልክ ነው፣ ፖለቲካ አለበት። የአስተርጓሚ እጥረትም አለበት። ግን ማንም የማያወራለት ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ገመድ ነው። ተናጋሪው አፉ ላይ ካለው ማይክሮፎን እስከ አድማጩ ጆሮ ድረስ ስንት ድምፅ ጎን ለጎን ማለፍ ይችላል? መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በምን ዓይነት ማገናኛ ነው? ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ማን እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚጨመር፣ አንዳንዴም ማን በስውር እንደሚያዳምጥ የሚወስነው እሱ ነው።

ካዛንቺስ የዚህ ታሪክ ትክክለኛ መነሻ ናት። ስሟ ራሱ ትርጉም ያጣ ቃል ነው። በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ተቋም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹ ደግሞ «ካሴ ኢንቺስ»። የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን ሰማ፣ በራሱ አፍ አበጀው፣ ካዛንቺስ ብሎ አስቀረው። ወራሪው ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

ከዚሁ ሰፈር ጥግ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው የአፍሪካ አዳራሽ የተተከለው። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 1950 ዓ.ም. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እንዲቋቋም ከወሰነ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ሕንጻውን አሠርተው ሰጡ። ነዳፊው አርቱሮ መዜዲሚ ነበር። ሥራው ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተጠናቆ በ1953 ዓ.ም. አጋማሽ ተመረቀ።

ወደዚያ የገባ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ነው፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዕጣ የሚተርከውን። ሊታይ ይገባዋል። ነገር ግን ሌላም መስታወት አለ፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው፤ አስተርጓሚዎቹ ከኋላው ተቀምጠው የሚሠሩበት። የአፈወርቅ መስታወት ብርሃን ያስገባል። የአስተርጓሚዎቹ መስታወት ድምፅ እንዳይገባ ያግዳል። ጉባኤው ጉባኤ የሚሆነው በሁለተኛው ነው።

ከዚህ በፊት ነገሩ እንዴት ይሠራ ነበር? ተናጋሪው ይናገራል፣ አስተርጓሚው ማስታወሻ ይይዛል፣ ተናጋሪው ሲጨርስ አስተርጓሚው ተነስቶ ይደግመዋል። ሁለት ቋንቋ ካለ ስብሰባው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። አራት ቋንቋ ካለ የግማሽ ሰዓት ንግግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በድሮው ዓለም ቋንቋ መጨመር ማለት ጊዜ መብላት ነበር፤ የቋንቋዎች ቁጥር ትንሽ እንዲሆን ሁሉም ይፈልግ ነበር።

ኢትዮጵያ የትርጉምን ዋጋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው የሚፈቅድ ነበር፣ በጣልያንኛው የሚያስገድድ። ይቻላል በሚልና የግድ ነው በሚል መካከል ያለችው ልዩነት ዓድዋ ድረስ አደረሰች። ከዚያም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ እያወቁ የመረጡት አማርኛን ነው። የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በራስ ቋንቋ መናገር ያኔም የሉዓላዊነት ጉዳይ ነበር። ንግግሩ ግን አድማጩ ልብ የሚደርሰው ተተርጉሞ ነው።

የሚገርመው፣ ችግሩን የሚፈታው መሣሪያ ከዚያ ንግግር ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ እዚያው ጄኔቭ ውስጥ ተሞክሮ ነበር። የቦስተኑ ነጋዴ ኤድዋርድ ፋይሊን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሐሳብ አመጣ፤ አስተርጓሚው ተናጋሪው እስኪጨርስ ለምን ይጠብቃል? እየሰማ ወደ ማይክሮፎን ቢያንሾካሹክ፣ አድማጩም በጆሮ ማዳመጫ ቢሰማ ጊዜ አይባክንም። ሐሳቡን ሥጋ ያለበሰው ጎርደን ፊንሌይ የተባለ ኢንጂነር ነው። ፋብሪካ አልገነባም፤ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፈም። በገበያ ላይ የነበሩ የስልክ ዕቃዎችን ሰብስቦ ገጣጠማቸው። በ1927 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በመላው ዓለም አዳራሾች የሚሠራው የቅጽበት ትርጉም አባቱ እንግዲህ በእጅ የተገጣጠመ የስልክ ዕቃ ነው።

ፊንሌይ የስልክን ዕቃ ሲመርጥ የስልክን ማገናኛም አብሮ መረጠ፤ ለአንድ ድምፅ ሁለት ሽቦ። ይህ ምርጫ ብልህ ነበር። ሽቦው በየትም አለ፣ ጠጋኙ በየከተማው አለ፣ ሲበላሽ የት እንደተበጠሰ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ሁለት ዕዳ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው ዕዳ የቁጥር ነው። ኅዳር 11 ቀን 1938 ዓ.ም. የናዚ መሪዎች የፍርድ ሂደት በኑረምበርግ ሲጀመር፣ አይቢኤም ያቀረበው መሣሪያ አምስት ቻናል ነበረው፤ አንዱ ተናጋሪው ራሱ የሚሰማበት፣ አራቱ ደግሞ ለእንግሊዝኛ፣ ለሩሲያኛ፣ ለፈረንሳይኛና ለጀርመንኛ። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አስተርጓሚ ያላቸው ሦስት ቡድኖች እየተፈራረቁ ሠሩ። ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት ይበራበታል፣ ሲበላሽ ቀይ። ዓለም ይህን ካየ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 5 ቀን 1940 ዓ.ም. የቅጽበት ትርጉም ቋሚ አገልግሎት እንዲሆን ወሰነ።

አምስት ቻናል ማለት በየመቀመጫው የሚያልፍ አሥር ሽቦና አምስት ምልክት ያለው መምረጫ ቁልፍ ማለት ነው። ስድስተኛ ቋንቋ ልጨምር ያለ ሰው በየመቀመጫው ሌላ ሁለት ሽቦ መሳብ፣ መምረጫውን ነቅሎ መቀየር፣ ወለሉን መቆፈር አለበት። ሁለት መቶ መቀመጫ ባለበት አዳራሽ ይህ የዕድሳት በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ አዳራሹ በተሠራ ዕለት የተመረጠው የቻናል ቁጥር ለብዙ ዓመታት ሕግ ሆኖ ይኖራል። ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ቋንቋዎች ከሲሚንቶ ጋር ይደርቃሉ።

ሁለተኛው ዕዳ የድምፅ ጥራት ነው። ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን የድምፅ ክልል ነው። ለወሬ ይበቃል። ግን እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ድምፆች አብዛኛው ጉልበታቸው ከዚያ በላይ ስለሆነ በስልክ ይደበላለቃሉ። በስልክ ስሙን ፊደል በፊደል ለማስረዳት የተገደደ ሁሉ፣ «ሰ፣ ሰላም እንደሚለው» ያለ ሁሉ፣ ይህን ያውቃል። ዘጠና በመቶ የሰማ ተራ አድማጭ የቀረውን በግምት ይሞላል። አስተርጓሚ ግን እየሰማም እየተናገረም ስለሆነ ለግምት የሚተርፍ አእምሮ የለውም። ዛሬ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለአስተርጓሚ የሚደርስ ድምፅ ከ125 እስከ 15,000 ኸርዝ እንዲሸፍን የሚጠይቀው በዚህ የተነሳ ነው።

አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በዚህ የሽቦ ዘመን ነው። ቋንቋዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ፣ በኋላም ዓረብኛ። በአንድነት ድርጅቱም ዓረብኛና ፖርቱጋልኛ ውለው አድረው ተጨመሩ። አንድ ቋንቋ ሲጨመር የሚጨመረው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። አንድ ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል ይጨመራል። አስተርጓሚ በግማሽ ሰዓት ገደማ መተካት ስላለበት ቢያንስ ሁለት ሰው ይጨመራል። አንድ ቻናል ይጨመራል። የሰነድ ተርጓሚ ይጨመራል። «ቢቻል» የምትለው ቃል በተግባር ስትፈታ ይህንን ሁሉ ታክላለች።

ገመዱ ግን ብልሃትም አስተምሯል። አምስት ቋንቋ እርስ በርስ በቀጥታ ይተርጎም ቢባል ሃያ አቅጣጫ ያስፈልጋል። ስድስት ቢሆን ሠላሳ። ከየት ይመጣል ይህ ሁሉ ሰው? መፍትሔው ቅብብል ነው። አንዱ ከተናጋሪው ቋንቋ ወደ ድልድይ ቋንቋ ይተረጉማል፣ ሌሎቹ የድልድዩን ቻናል እየሰሙ ወደ የራሳቸው ይመልሳሉ። በዚህ መንገድ አምስት ቋንቋ በስምንት አቅጣጫ ይበቃዋል። ጉዳቱ የታወቀ ነው፤ ድልድዩ ላይ የተሰበረ ቃል ሁሉም ዘንድ ተሰብሮ ይደርሳል። ቅብብል የሚቻለውም የአስተርጓሚው መሣሪያ የሌላውን ቻናል እንዲያዳምጥ ሆኖ ከተገናኘ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ነው መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ጃንሆይ በኒው ዮርክ ጠቅላላ ጉባኤ በአማርኛ የተናገሩት። የድርጅቱ ደንብ ተናጋሪው ወደ አንዱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያስተረጉምለትን ሰው ራሱ ካቀረበ በፈለገው ቋንቋ እንዲናገር ይፈቅዳል። በሩ ክፍት ነው፤ ቁልፉን ግን ይዞ መምጣት የተናጋሪው ዕዳ ነው።

ይህ ዕዳ አዲስ አበባ ላይ በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ በጉልህ ታየ። የሞዛምቢኩ ፕሬዝዳንት ዮአኪም ቺሳኖ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበርነታቸውን ሲያስረክቡ በጉባኤው ፊት የተናገሩት በኪስዋሂሊ ነበር። የአገራቸው ይፋዊ ቋንቋ ፖርቱጋልኛ ነው፤ በእሱ ቢናገሩ ቻናሉ ዝግጁ ነበር። እሳቸው የመረጡት ግን የአፍሪካን ቋንቋ ነው። ብዙ መሪዎች ተደናገጡ። በአህጉሩ በሰፊው ከሚነገሩ ቋንቋዎች አንዱ በአህጉሩ ጉባኤ ላይ ሲነገር ለሰሚው ግራ ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ያለ ዕለት ነው።

የኅብረቱ መመሥረቻ ሕግም በ1992 ዓ.ም. ሲጸድቅ ያቺኑ «ቢቻል» ከአሮጌው ቻርተር ወርሶ ነበር። ኪስዋሂሊ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ጉባኤው የወሰነው በ2014 ዓ.ም. ነው። ከቻርተሩ ፊርማ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በእነዚህ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታት ግን ገመዱ ሙሉ በሙሉ ተለውጧል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓይን በማይታይ ብርሃን፣ ማለትም በኢንፍራሬድ፣ ድምፅ ያለ ሽቦ ወደ መቀመጫ መላክ ተጀመረ። ከዚያ ዲጂታል መጣ። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ቁጥር ሆነ። ቁጥር ደግሞ ተራ ይጠብቃል፤ በአንድ ሽቦ ላይ የመጀመሪያው ቻናል ቁጥር ያልፋል፣ ከዚያ የሁለተኛው፣ ከዚያ የሦስተኛው፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው። ይህ ዙር በጣም ፈጣን ስለሆነ ለጆሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያልፋሉ።

የማገናኛዎቹም ዘር በዛ። በ1985 እ.ኤ.አ. ሁለት ቻናል በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ ደረጃ ወጣ። በ1986 ፊሊፕስ አይ ቱ ኤስ የተባለውን በመሣሪያ ውስጥ ከቺፕ ወደ ቺፕ ድምፅ የሚያመላልስ ማገናኛ አስተዋወቀ። በ1991 ደግሞ ማዲ የተባለው 56 ቻናል በአንድ ገመድ ማሳለፍ ቻለ። ቀጥሎ ድምፅ በኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ መጓዝ ጀመረ፤ ብዙ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ፕሮቶኮል ስላወጡ እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ኤኢኤስ 67 የተባለውን የጋራ ደረጃ ያወጣው እነሱን ለማግባባት ነው። መሣሪያዎችም አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው።

የዚህ ለውጥ ትርጉም በቀላል ሒሳብ ይታያል። በሰከንድ 48,000 ጊዜ በ24 ቢት የሚለካ አንድ ቻናል 1.152 ሜጋ ቢት ይፈልጋል። ለአምስት ቋንቋና ለዋናው ተናጋሪ ስድስት ቻናል ቢያስፈልግ ከ7 ሜጋ ቢት ያነሰ ነው። ማንኛውም ቢሮ ውስጥ ያለው ተራ የኔትወርክ ገመድ በትንሹ 100 ሜጋ ቢት ያሳልፋል። ሠላሳ ሁለት ቋንቋ እንኳ ቢታሰብ ድምፁ ራሱ 37 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። በኑረምበርግ ሽቦ የነበረው አጥር ፈርሷል።

አጥሩ ሲፈርስ ግን ሌላ አጥር ተተካ። የጉባኤ መሣሪያ ሠሪዎች በየፊናቸው የተዘጋ ሥርዓት ይሸጣሉ። የአንዱ ፋብሪካ የመቀመጫ መሣሪያ ከሌላው ማዕከላዊ ሳጥን ጋር አይነጋገርም። አዳራሹን በአንዱ ያስታጠቀ ተቋም ማዳመጫ ሲጠፋበት፣ ቻናል ሲያስጨምር፣ ፈቃድ ሲያሳድስ ወደዚያው ፋብሪካ ይመለሳል፤ በዶላር። ፋብሪካው ምርቱን ያቆመ ዕለት ደህና የነበረው አዳራሽ ይደነቁራል። በፊንሌይ ዘመን መሣሪያውን የሰፈር ስልክ ጠጋኝ ያድነው ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ማገናኛው የሌላ የሆነ መሣሪያ ተገዝቶም የራስ አይሆንም።

ከዚህ የከፋም ጥያቄ አለ። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የተባለው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ገንብታ በስጦታ ያስረከበችው ሕንጻ ነው፤ ኔትወርኩን ጨምሮ። ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ አንድ ዘገባ አወጣ። በዘገባው መሠረት የኅብረቱ ኮምፒውተሮች መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ሻንግሃይ ይገለበጥ ነበር፤ በጠረጴዛዎችና በግድግዳዎች ውስጥም ማይክሮፎኖች ተገኝተዋል። ቻይና ዘገባውን ሐሰት ነው አለች። የኅብረቱ መሪዎችም በአደባባይ ክሱን አልተቀበሉትም።

እውነቱ የትኛውም ቢሆን ትምህርቱ አይለወጥም። ክሱ ሊነሳ የቻለው የገመዱን ነገር ከተጠቃሚው ይልቅ ዘርጊው በተሻለ ያውቀው ስለነበር ነው። ተናጋሪው ምስጢር ሲናገር ድምፁ በየት በየት እንደሚያልፍ መቁጠር የማይችል ተቋም፣ ተሰማ ወይም አልተሰማ ብሎ መከራከርም አይችልም። የጉባኤ ሰዎች ኢንፍራሬድን ለረጅም ጊዜ የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ ብርሃን ግድግዳ አያልፍም፣ ሬዲዮ ግን ያልፋል። በአንጻሩ የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድን ይረብሸዋል፤ ሰፊ መስኮት ላለው አዳራሽ አይመችም። ነጻ ምርጫ የለም፤ እያንዳንዱ ማገናኛ የሚከፈልበት ነገር አለው።

ይህ ሁሉ ለዛሬይቱ ኢትዮጵያ ምን ያገባታል? በጣም ያገባታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ይደነግጋል፤ አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ያደርጋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ በፌዴራል የሥራ ቋንቋነት እንዲጨመሩ መንገድ ከፈተ። በፖሊሲ የተጻፈ ቋንቋ ግን በአዳራሽ ውስጥ ቻናል ከሌለው እንግዳ ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች በቻርተሩ «ቢቻል» ተብለው እንደቆሙበት በር፣ የአገር ውስጥ ቋንቋዎችም በገዛ አገራቸው ጉባኤ በር ላይ እንዳይቆሙ የሚያሰጋ ነገር አለ። አምስት የፌዴራል ቋንቋ ማለት ከላይ የተሠላው ስድስት ቻናል ነው። የአንድ ተራ ገመድ አቅም አንድ አሥረኛ አይሞላም።

ታዲያ መሣሪያው የግድ ከውጭ በውድ መምጣት አለበት? የፊንሌይ ታሪክ አይደለም ይላል። የቺፑ ዋጋ ርካሽ ነው፤ የማገናኛዎቹ አሠራር ተጽፎ የታወቀ ነው። የከተማው የቴክኒክ ኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ጥያቄው እንደ ፊንሌይ ዘመን የማገናኛ ምርጫ ነው፤ ምርጫውም በርቀት ይጀምራል። አይ ቱ ኤስና ስምንት ቻናል የሚያስተናግደው ዘመዱ ቲዲኤም የተሠሩት ለአንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከዚያ አውጥቶ አዳራሽ ውስጥ የሚዘረጋቸው ሰው ጩኸት ያተርፋል። ዩኤስቢ አምስት ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ ኮምፒውተርም አብሮ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ሲቆም ጉባኤው ይቆማል። የኔትወርክ ገመድ ግን 100 ሜትር ይሄዳል፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክም በዚያው ገመድ መላክ ይቻላል፣ ሲበጠስ የሚገጥመው ሰው በየሰፈሩ አለ። መብራት ቢጠፋ መላውን ሥርዓት ከአንድ ባትሪ ማንቀሳቀስ ይቻላል።

ሙዚቀኛ የኔትወርክን ነገር ሲሰማ የድምፅ መዘግየትን ይፈራል። ልክ ነው፤ ከበሮና ክራር በትንሽ ሚሊ ሰከንድ መለያየት ይበላሻሉ። ትርጉም ግን ሌላ ነው። የሰው አስተርጓሚ ራሱ ከተናጋሪው ኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጓዛል፤ ኔትወርኩ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ አይታወቅም። ስለዚህ የቀረጻ ስቱዲዮ የሚመርጠውን ውድ ማገናኛ የጉባኤ አዳራሽ መግዛት የለበትም። ይልቅ መፈለግ ያለበት እንደ ኤኢኤስ 67 ያለ፣ ባለቤቱ አንድ ኩባንያ ያልሆነ፣ በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞችም የሚሠራ ደረጃ ነው። ከዚያ ጎን ደግሞ አንድ የድሮ የሽቦ ማገናኛ ለክፉ ቀን ማስቀረት። ኔትወርኩ የወደቀ ዕለት ቢያንስ አንድ ቻናል የሚያሰማ ሁለት ሽቦ ከምንም ይሻላል።

ካዛንቺስ ራሷ ዛሬ ይህን ጥያቄ በአፈሯ ላይ ይዛለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት አሮጌው ሰፈር ፈረሰ፣ ነዋሪው ተነሳ፣ ጎዳናው ተቆፈረ። ስለተነሳው ሕዝብ የሚባለው ብዙ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አፍሪካ አዳራሽ 56.9 ሚሊዮን ዶላር ከተመደበለት ዕድሳት በኋላ እንደገና ተከፈተ። በዙሪያው አዳዲስ ሕንጻዎች ይወጣሉ፣ አዳራሾችም ይኖሯቸዋል። ወለል ሳይዘጋ የሚዘረጋ ገመድና ወለል ከተዘጋ በኋላ የሚዘረጋ ገመድ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ነው። በየአዳራሹ ስንት ቋንቋ ሊሰማ እንደሚችል የሚወሰነው በምርቃት ንግግር ሳይሆን አሁን፣ ግድግዳው ሳይለሰን ነው።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ገመድ ርካሽ ሆኗል እንበል፤ ሰውስ? ለአምስት ቋንቋ ቢያንስ አሥር የሠለጠነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቋንቋ መናገር ደግሞ አስተርጓሚ አያደርግም። እያዳመጡ መናገር የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። የሕግ ቃል፣ የበጀት ቃል፣ የሕክምና ቃል በየቋንቋው መበጀት አለበት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነትነቱ ግን ነገሩን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። አስተርጓሚ የሚሠለጥነው የሚለማመድበት መሣሪያ ሲኖር ነው። ቻናል የሌለው ቋንቋ አስተርጓሚ አያፈራም፤ አስተርጓሚ የለውም ተብሎ ደግሞ ቻናል ይከለከላል። ክቡ የሚሰበረው ርካሽ ከሆነው ጫፍ ነው፤ እሱም ገመዱ ነው።

በ1955 ዓ.ም. አንቀጽ 29ን የጻፉ ሰዎች «ቢቻል» ሲሉ ምናልባት ከፊት ለፊታቸው ያለውን መሣሪያ አይተው ነበር ቢባል አይፈረድባቸውም። በየመቀመጫው የሚያልፍ ጥንድ ጥንድ ሽቦ፣ ቁጥሩ የተወሰነ መምረጫ፣ በጣት የሚቆጠር አስተርጓሚ። ዛሬ ሽቦው ሰበብ መሆን አይችልም። መምረጫው ላይ ቦታ አለ፤ ማገናኛውን መርጦ፣ ሰው አሠልጥኖ፣ ቻናሉን መክፈት የቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ከአሁን በኋላ አንድ ቋንቋ በአዳራሽ ውስጥ ካልተሰማ፣ አልተቻለም ሳይሆን አልተፈለገም ማለት ይሆናል።